የትምህርት ቤት የስታቲክ ኤሌክትሪክ ሣጥን፦ ቻርጁ የት የት ያፈሳል?

ሣጥኑ ሲከፈት ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሪክ ቻርጅ መኖሩን የሚያሳየው ኤሌክትሮስኮፕ ነው፤ ጠርሙሱ፣ ከአናቱ ያለችው የነሐስ ሳህን፣ ከታች የተንጠለጠለው፣ ቻርጅ ሲደርሰው የሚነሳው ስስ ቅጠል። ገዢ ሁሉ ቅጠሉ መቀደድ አለመቀደዱን ያያል። መታየት ያለበት ግን የነሐሱ ዘንግ የሚያልፍበት ቡሽ ነው። ቅጠል ቢቀደድ ከቸኮሌት መጠቅለያ 5 ሚሊሜትር ወርድ፣ 4 ሴንቲሜትር ርዝመት ቆርጦ መተካት ይቻላል። ቡሹ ካፈሰ ግን ቅጠሉ ንጹሕ ወርቅም ቢሆን ተነስቶ ሳይጨርስ ይወድቃል።

እዚህ የሚገመገመው ከቻይናና ከህንድ፣ በተለይም በላብራቶሪ ዕቃ ከምትታወቀው ከአምባላ ከተማ፣ እየመጣ ለትምህርት ቤቶች የሚሸጠው የተለመደው ሣጥን ነው። ትንሹ ሣጥን የኢቦናይት (የጠነከረ ጥቁር ጎማ) እና የአክሪሊክ ወይም የመስታወት ዘንጎች፣ የሱፍና የሐር ጨርቅ፣ በክር የተንጠለጠሉ ቀላል ኳሶች፣ ኤሌክትሮስኮፕና ኤሌክትሮፎረስ (ከታሸ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ቻርጅ የሚያነሳ የብረት ዲስክ) ይይዛል። ትልቁ በእጅ የሚዞር ቫን ደ ግራፍ፣ ማለትም በሚዞር ቺንጊያ ቻርጅን ወደ ብረት ሉል የሚያከማች ማሽን፣ ይጨመርበታል። ፍርዳችንን ከወዲሁ ብናስቀምጥ፣ ቻርጅ ማመንጨት ገንዘብ አያስወጣም፤ ፌስታል በፀጉር ላይ ቢታሽም ይመነጫል። ገንዘብ የሚከፈለው ቻርጁን ለሚያቆየው ነገር ነው። የእነዚህ ሣጥኖች ደካማ ጎን ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ከዘንጎቹ እንጀምር። ኢቦናይት በሱፍ ሲታሽ ኔጋቲቭ፣ መስታወት በሐር ሲታሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ማሸት ቻርጅ አይፈጥርም፤ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል እንጂ። ከሱፉ የወጣው ኢቦናይቱ ላይ ነው ያለው፣ ሱፉም በዚያው ልክ ፖዘቲቭ ሆኗል። ይህን ለማሳየት ከሱፍ ጨርቁ ለዘንጉ ጫፍ የምትሆን ቆብ ይስፉና ረጅም የናይለን ክር ይሰሩባት። ክሩን ይዘው ቆቧን ዘንጉ ላይ ደጋግመው ያዟዙሯት። ቆቧ ዘንጉ ላይ እንዳለች ሁለቱን ወደ ኤሌክትሮስኮፑ ቢያስጠጓቸው ቅጠሉ ንቅንቅ አይልም። ቆቧን በክሩ አውጥተው ለየብቻ ሲያስጠጉ ግን በሁለቱም ይነሳል። መመሪያ ወረቀቶች ይህን አይጽፉትም፤ ከጠቅላላው ሣጥን ውስጥ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ሙከራ የለም። ሁለት ዓይነት ቻርጅ መኖሩን በ1733 ያሳየው ፈረንሳዊው ዱፌ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚለውን አጠራር ያመጣው አሜሪካዊው ፍራንክሊን ደግሞ የትኛው ነገር እንደሚንቀሳቀስ ማንም በማያውቅበት ዘመን ስለሰየመ፣ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ሆኖ ቀርቷል። ተማሪ «ለምንድነው የተጨመረበት ኔጋቲቭ የሚባለው?» ካለ መልሱ ይኸው ነው።

የሣጥኑ ኢቦናይት አዲስ ሳለ ጥሩ ነው። ችግሩ ድኝ የተቀላቀለበት ጎማ ስለሆነ ብርሃን አይወድም። መስኮት ዳር የከረመ ኢቦናይት ጥቁረቱ ወደ ቡናማ ይሄድና ላዩ ላይ ርጥበት የሚስብ አሲድ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እጅ እስኪዝል ቢታሽም ቻርጁ ወዲያው ወደ መዳፍ ይፈሳል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላዩን ፍቆ በአልኮል ማጽዳት ይመልሰዋል። ከዚህ ሁሉ ግን ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ 30 ሴንቲሜትር የግማሽ ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ማስቆረጥ ይቀላል፤ በሱፍ ሲታሽ እንደ ኢቦናይት ኔጋቲቭ ይሆናል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። መስታወቱን በተመለከተ፣ ሣጥኑ በመስታወት ፈንታ አክሪሊክ ከያዘ ሻጩ አጭበረበረኝ አይበሉ፤ ተጠቅመዋል። መስታወት በላዩ ላይ ዓይን የማያየው የውሃ ሽፋን ስለሚይዝ ለማፍሰስ ቀዳሚ ነው።

ማጭበርበሩ ጨርቁ ላይ ነው። «ሐር» ተብሎ የሚታሸገው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። አንድ ክር መዞ በክብሪት መለኮስ ነው፤ ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ፖሊስተር አይሠራም ማለት አይደለም፤ ይሠራል፣ ግን ከአክሪሊክ ጋር የሚሰጠው ምልክት መመሪያው ላይ ከተጻፈው ጋር ላይገጥም ይችላል፣ መምህሩም ክፍል ፊት ያፍራል። ነጠላና ጋቢም አይተኩትም፣ ጥጥ ርጥበት ይዞ ይኖራልና። ጨርቆቹ ሲቆሽሹ በማለስለሻ ከታጠቡ አበቃላቸው። የልብስ ማለስለሻ የሚሸጠው ስታቲክ እንዲያጠፋ ነው።

ወደ ኤሌክትሮስኮፑ እንመለስ። መመዘኛው ሰዓት ነው። ቻርጅ ያደረጉትን ኤሌክትሮስኮፕ ማንም ሳይነካው ያስቀምጡና ቅጠሉ ወደ ግማሹ እስኪወርድ ይቁጠሩ። በደረቅ ቀን 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ ዕቃው ጥሩ ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከተኛ ቡሹ ያፈሳል። ከእንጨት ቡሽ የተሠራው በተለይ ሁሌም ያፈሳል፤ ጥቁር ጎማም ካርቦን ስላለበት ከዚያ አይሻልም። ጥገናው ርካሽ ነው፦ የቡሹን ቀዳዳ እስከ 12 ሚሊሜትር ማስፋት፣ የነሐሱን ዘንግ መሃል ላይ ማቆም፣ ዙሪያውን የቀለጠ ሻማ መሙላት። የሻማ ሰም ከአብዛኞቹ የሣጥኑ ፕላስቲኮች የተሻለ ቻርጅ ያግዳል። ሻማ የማይመች ከሆነ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ዘንጉ ላይ ከ15 እስከ 20 ዙር ጠምጥሞ ቀዳዳው ውስጥ ማጥበቅ ነው። ከዚህ በኋላ ሰሙን በጣት መንካት የለም፤ የጣት ላብ ጨው አለው።

ብዙዎች «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱት ግን ሳይበላሽ፣ በኢንዳክሽን፣ ማለትም ዘንጉን ሳያስነኩ በማቅረብ ብቻ፣ ቻርጅ ሲያደርጉ ቅደም ተከተሉን ስለሚስቱ ነው። ኔጋቲቭ የሆነውን ዘንግ ከሳህኗ 5 ሴንቲሜትር ያህል ያቅርቡና ይያዙት፤ አይንካ። በሌላ እጅዎ ጣት ሳህኗን ይንኩ፤ የተነሳው ቅጠል ይወድቃል፣ ምክንያቱም የተገፉት ኤሌክትሮኖች በሰውነትዎ አልፈው ወደ መሬት ሄደዋል። ጣትዎን ያንሱ። ከዚያ በኋላ ብቻ ዘንጉን ያርቁ። ቅጠሉ እንደገና ተነስቶ ይቆማል፤ አሁን ያለው ቻርጅ ፖዘቲቭ ነው። ዘንጉ ከጣት ቀድሞ ከሄደ ኤሌክትሮኖቹ በመጡበት በጣትዎ ይመለሳሉ፣ ኤሌክትሮስኮፑም ባዶ ይቀራል። ያው ዘንግ ነክቶ ቻርጅ ሲያደርግ የራሱን ዓይነት፣ ሳይነካ ሲያደርግ ተቃራኒውን መስጠቱን በደንብ ማሳየት የሚችለው ደግሞ የማያፈስ ኤሌክትሮስኮፕ ብቻ ነው።

የተንጠለጠሉት ኳሶች ትንሽ ይመስላሉ እንጂ ሒሳብ የሚሠራባቸው እነሱ ናቸው። ሁለቱ ኳሶች እያንዳንዳቸው 0.03 ግራም ቢመዝኑ፣ ክሩ 20 ሴንቲሜትር ቢሆንና ቻርጅ በተደረጉ ጊዜ ተገፋፍተው በመሃላቸው 6 ሴንቲሜትር ቢፈጠር፣ እያንዳንዱ ከቀጥታው በ3 ሴንቲሜትር ሸሽቷል ማለት ነው። የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ 0.15 ያህል፣ ማለትም 0.000045 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ኃይሉን ከቻርጆቹ መጠንና ከርቀታቸው በሚያሰላው በኩሎምብ ሕግ፣ ቋሚውን 9 × 10⁹ አድርገን፣ የእያንዳንዱ ኳስ ቻርጅ 4 ናኖኩሎምብ (የቻርጅ መለኪያው የኩሎምብ 4 ቢሊዮንኛ) ገደማ ይወጣል። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ስለሆነ፣ ዓይን የሚያየው ያ ትንሽ መራራቅ የ26 ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች ሥራ ነው። በማስመሪያና በክር ኤሌክትሮን መቁጠር ማለት ነው ይህ። ማስጠንቀቂያ፦ ክሩ ጥጥ ከሆነ ያፈሳል፣ ናይለን ወይም ሐር ይሁን። ኳሶቹም ላያቸው በአልሙኒየም ወይም በግራፋይት ካልተቀባ ቻርጁ በተነኩበት ነጥብ ብቻ ተጣብቆ ይቀርና እየተሽከረከሩ ያስቸግራሉ።

ሣጥኑ ላይ «የኩሎምብን ሕግ ለማረጋገጥ» ተብሎ የሚጻፈው ግን በእነዚህ ኳሶች አይሆንም፤ ማጋነን ነው። ኩሎምብ ራሱ በ1785 የተጠቀመው በቀጭን ሽቦ በሚጠመዘዝ ሚዛን ነው። ሣጥኑን ትተው የሚሠራ ነገር ከፈለጉ ሁለት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች በእርሳስ ግራፋይት በደንብ ይቀቡ። አንዱን በተደፋ የፕላስቲክ ኩባያ ላይ በቆመ 20 ሴንቲሜትር ስትሮ ጫፍ አድርገው፣ ወርቅ ቤት እንደሚገኘው ዓይነት 0.001 ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ። ሌላውን በአክሪሊክ ዘንግ ይዘው ከላይ ያውርዱ። እያንዳንዳቸው 30 ናኖኩሎምብ ከያዙ፣ ከመሃል እስከ መሃል በ10 ሴንቲሜትር ሚዛኑ 0.083 ግራም ያህል ይጨምራል፣ በ20 ሴንቲሜትር ወደ 0.021 ይወርዳል። ርቀት እጥፍ፣ ኃይል ሩብ። ቻርጁን በትክክል ለማጋመስ ሦስተኛ ተመሳሳይ ባዶ ኳስ አምጥቶ ማስነካት ነው፤ እኩል ይካፈላሉ። ኳሶቹን ከ8 ሴንቲሜትር በታች አያቀራርቧቸው። ተመሳሳይ ቻርጆች ሲገፋፉ በኳሱ ጀርባ በኩል ስለሚሰበሰቡ ኃይሉ ሕጉ ከሚለው ያንሳል፣ ተማሪውም ሕጉ የተሳሳተ ይመስለዋል። ስትሮው የረዘመውም በምክንያት ነው፤ ኳሱ ሚዛኑ ብረት አጠገብ ከሆነ ብረቱን ራሱ ይስባል። ልኬቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ ደግሞ ቻርጁ እየፈሰሰ ቁጥሩን ይበላዋል።

ከሣጥኑ ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው ኤሌክትሮፎረስ ነው። ስዊድናዊው ቪልከ በ1762 ሠራው፣ ቮልታ በ1775 አሻሽሎ አስተዋወቀው፣ እስከ ዛሬም ከዚያ የተሻለ ቀላል ነገር አልመጣም። የፕላስቲክ ሰሌዳውን በሱፍ አሽቶ፣ እጀታ ያለውን የብረት ዲስክ አስቀምጦ፣ ዲስኩን በጣት ነክቶ፣ ጣትን አንስቶ ዲስኩን በእጀታው ማንሳት ነው። ከ15 ሴንቲሜትር ዲስክ ጣት ሲቀርብ ጠጥ የሚል እስከ አንድ ሴንቲሜትር የሚደርስ ብልጭታ ይወጣል። መልሶ ቢቀመጥና ቢነካ፣ ሰሌዳው እንደገና ሳይታሽ በተደጋጋሚ ይሰጣል። ኃይሉ ከየት መጣ ለሚል፣ ከክንድ ነው፤ ዲስኩ ከሚስበው ሰሌዳ ሲላቀቅ ክንድ የሚሠራው ሥራ ነው ብልጭታ የሚሆነው። ሣጥን ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ዳሩ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ የአልሙኒየም የድስት ክዳን ላይ የፒቪሲ እጀታ አስሮ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ቢያስቀምጥ ያው ነው። ዳሩ የተቆረጠና ስለታም ከሆነ ግን ቻርጁ ከጫፉ ወደ አየር ይበናል።

ቫን ደ ግራፉ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው የተለጠፈበት የቮልት ቁጥር ነው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እሱ ነው። አየር በባሕር ወለል ደረጃ በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ማለትም ብልጭታ ያሳልፋል። ስለዚህ የአንድ ሉል ከፍተኛ ቮልት ሬዲየሱ በሴንቲሜትር ሲባዛ በ30,000 ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ሉል ከ300,000 አያልፍም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ የሳሳ አየር ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እዚህ በ30,000 ሳይሆን በ23,000 ያባዙ፤ ያው ሉል 230,000 ላይ ይቆማል፣ በእጅ ሲዞር ከዚያም በታች። በዚያው መጠን ሉል ላይ 400,000 ተብሎ የተለጠፈ ካለ አዲስ አበባም ሆነ በባሕር ወለል ደረጃ ያለችው አሰብ አይደርስበትም። ሉሉ የተጎደጎደ ወይም መጋጠሚያው የሾለ ከሆነም ከዚያ ነጥብ ያፈሳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲዞር ሐምራዊ ጭላንጭል የሚታይበት ቦታ ማፍሰሻው ነው።

ቶሎ የሚሞተው ግን ቺንጊያው ነው። አቧራና የእጅ ቅባት ሲነካው ያፈሳል። ጥራቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ጠርጎ ማድረቅ ይበቃዋል፤ የ70 በመቶው ውሃ ስላለበት ረዘም ላለ ጊዜ መድረቅ አለበት። ኩሽኔታው ላይ የሚደረገው ዘይት ወደ ቺንጊያው ከወረደ ግን አልኮልም አያድነውም። ቺንጊያው ሲበጠስ ከመኪና ከመነዳሪ ቆርጦ መተካት ብዙ ቦታ ይሞከራል፤ አይሠራም። ከመነዳሪ በካርቦን ስለሚጠቁር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የተሸከመውን ቻርጅ ወደ ታች ያፈሰዋል። የሚሆነው ለስፖርትና ለፊዚዮቴራፒ የሚሸጠው ቀላል ቀለም ያለው የላቴክስ ላስቲክ ነው፤ ጫፎቹ በሰያፍ ተቆርጠው ይጣበቁ፣ በቀጥታ የተቆረጠ መጋጠሚያ በእያንዳንዱ ዙር እየዘለለ ይላቀቃል። ቻርጁን ወደ ቺንጊያውና ከቺንጊያው የሚያቀብሉት የብረት ማበጠሪያዎች ቺንጊያውን መንካት የለባቸውም፣ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይራቁ።

ካርቶኑ ላይ ፀጉሯ እንደ ጃርት የቆመ ልጅ ፎቶ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ፀጉር እንደዚያ አይቆምም፣ ሹሩባማ ጭራሽ። ማሽኑ አይደለም የተበላሸው። ሶፍት በቀጭኑ ተልትሎ ሉሉ አናት ላይ በፕላስተር መለጠፍ ያንኑ ያሳያል፤ ተማሪዎችም ይስቃሉ። ብልጭታው ያማል እንጂ የዚህ መጠን ሉል የሚይዘው ኃይል ከ0.3 ጁል አይበልጥም። ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አይቅረብ፣ ስልክና ላፕቶፕ ከጠረጴዛው ይነሱ፣ ሣጥኑ ውስጥ ላይደን ጃር (ቻርጅ የሚያከማች ጠርሙስ) ካለ ተማሪ እጅ አይግባ። በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቆሞ ቻርጅ የተደረገ ልጅ ከመውረዱ በፊት ደረቅ የእንጨት ማስመሪያ ይንካ፤ እንጨት ቀስ አድርጎ ያፈስለታል፣ አይነዝረውም።

ሁሉም ዕቃ በክረምት ይለግማል። ርጥበቱ ከ60 በመቶ ሲያልፍ መስታወቱ ቀድሞ፣ ኢቦናይቱ ተከትሎ እጅ ይሰጣሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ፣ በተለይ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ተአምር ይሠራሉ። ይህን ትምህርት ሰኔ ላይ ማቀድ ራስን መቅጣት ነው። ግዴታ ከሆነ ዘንጉን፣ ጨርቁንና ሰሌዳውን ለሁለት ደቂቃ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ ወይም ከሙከራው በፊት ባለው ሰዓት ባለ 60 ዋት አምፖል በበራበት ካርቶን ውስጥ ማቆየት ይረዳል። ከሣጥን ጋር የማይነጻጸር ቢሆንም፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ማሳያ በክረምት ይጠቅማል፤ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ወርዶም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጉድለቱ እዚያ ውስጥ ፊኛው የያዘውን ቻርጅ በጭራሽ አያፈስም፤ ከእሱ ብቻ የተማረ ልጅ እውነተኛው ፊኛ ሲያፈስበት ግራ ይገባዋል።

ለግዢ የሚሄድ ሰው ቁራጭ የፒቪሲ ቱቦና የሱፍ ካልሲ በኪሱ ይያዝ። ሱቁ ውስጥ ኤሌክትሮስኮፑን በኢንዳክሽን ቻርጅ አድርጎ፣ ስለ ዋጋው እየተከራከረ ቅጠሉን ይመልከት። ዋጋው ሳይቆረጥ ቅጠሉ ከወደቀ ሌላ ሣጥን ይከፈትለት። ኤሌክትሮፎረሱን ደግሞ በእጀታው አንስቶ ጣቱን ያቅርብ፤ ጠጥ ካላለ እጀታው ያፈሳል። ትልቁን ሣጥን የሚገዛ ሰው መለዋወጫ ቺንጊያ አብሮ እንዲገባለት ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ ከከፈለ በኋላ «አልቋል» ነው የሚባለው።